አራት ጥያቄ ይበቃል፦ የቤት ሥራ ከመምህር ወገን ሲታይ

ጠዋት ከሰልፍ በፊት አንዱ ትምህርት ቤት ግቢ ገባ ብላችሁ እዩ። ግድግዳ ተደግፈው፣ ጉልበታቸው ላይ ደብተር ዘርግተው የሚጽፉ ልጆች አይጠፉም። ጎበዞች ናቸው እንዳትሉ። መሃል ላይ አንድ የተገለጠ ደብተር አለ፤ አራት አምስት ልጅ ከሱ ላይ ይገለብጣል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሂሳብ ነዋ! ደወል ይደወላል፣ መምህሩ ገብቶ «የቤት ሥራ አውጡ» ይላል። በየወንበሩ እየዞረ በቀይ እስክሪብቶ «ታይቷል» ብሎ ይፈርማል። ያልሠራውን ያስነሳል፣ ይቆጣል። አስር ደቂቃ ሄደች። ከዚያ ሰሌዳው ይጠረግና አዲስ ርዕስ ይጻፋል።

እስቲ ማን ምን ተማረ? የገለበጠው አልተማረም። ራሱ የሠራው ልጅ ልክ ይሁን ስህተት አላወቀም። መምህሩም ስልሳ ፊርማ ፈርሞ ክፍሉ የትኛው ጥያቄ ላይ እንደተሰናከለ ሳያውቅ ወደ ቀጣዩ ርዕስ አለፈ።

አዲስ አበባ ውስጥ 7ኛና 8ኛ ክፍል ሂሳብ አስተምራለሁ። መጀመሪያ የግል ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ አሁን የመንግሥት ትምህርት ቤት ነኝ። ሁለቱንም ስላየሁ፣ አዲስ ለሚገቡ መምህራንና «የቤት ሥራ በዛ፣ አነሰ» እያሉ ለሚጨነቁ ወላጆች ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው የምጽፈው። የምለው አንድ ነገር ነው። የቤት ሥራ የሚጠቅመው ወይም የማይጠቅመው በብዛቱ አይደለም፤ በማግስቱ ክፍል ውስጥ በምናደርግበት ነገር ነው።

የግል ትምህርት ቤት ሳለሁ ኮሙኒኬሽን ቡክ የሚባል ነገር ነበር። የዕለቱ የቤት ሥራ እዚያ ይጻፋል፣ ወላጅ ይፈርምበታል። አንድ ቀን ባዶውን ከሄደ ስልክ ይደወላል፤ «ለምንድነው የምንከፍለው ታዲያ?» ይባላል። ስለዚህ መምህሩ ይጨምራል። ኤክሰርሳይዝ ከ1 እስከ 20፣ ከነ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ልጁ እራቱን እየበላ ይጽፋል። ወይም አስጠኚው ይሠራለታል። በማግስቱ ደብተሩ ከሃያ ሃያ ሆኖ ይመጣል፤ እዚያው አጭር ፈተና ስትሰጡት ያው ልጅ ከአስር ሦስት ያገኛል። አስጠኚውን አልወቅስም። የሚከፈለው ደብተሩ እንዲሞላ ነው፣ ደብተሩም ይሞላል።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ ሌላ ነው። ልጁ ማታ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይኖር ይችላል። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ስድስት ሰው አለ፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ ወይ ደግሞ መብራት ጠፍቷል። እናቷ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ ተማሪ አለችኝ፤ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች የምትሮጠው ወደ ወፍጮ ቤት ነው። ለሷ ሃያ ጥያቄ መስጠት ጠዋት ግድግዳ ሥር ሄደሽ ገልብጪ ማለት ነው።

ሁለቱም ቦታ ላይ የገባኝ ነገር ግን አንድ ነው። ከሃያው ይልቅ አራት ጥያቄ ይሻላል። አራቱ ግን ዝም ብለው አራት አይደሉም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ዛሬ ክፍል ውስጥ ከሠራነው ጋር መንትያ ናቸው። ቁጥሩ ብቻ ይቀየራል። ክፍል ውስጥ የተከታተለ ልጅ ያለ ማንም እገዛ መሥራት አለበት። ሦስተኛው ከዛሬው ርዕስ አይደለም፤ ካለፈው ሳምንት ወይም ካለፈው ወር ይመጣል። አራተኛው ተሠርቶ የቀረበ፣ ግን ስህተት ያለበት ጥያቄ ነው። «አበበ እንዲህ ሠራ። የት ላይ ተሳሳተ? በአማርኛ ጻፍለት» ይላል። (በሶውን የበላው አበበ መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የወሰኑት። አሁን «ደግሞ አበበ ዛሬ ምን አጠፋ?» ይላሉ።)

አራተኛዋን ጥያቄ ኩረጃ ብዙም አይችላትም። ማብራሪያ ስለሆነች፣ ሁለት ደብተር ላይ ቃል በቃል አንድ ሆና ከመጣች ራሷ ታሳብቃለች። ዛሬ ደግሞ የመልሱ ፎቶ በቴሌግራም ነው የሚዞረው፤ ሰባተኛ ክፍል ሆኖ የክፍል ግሩፕ የሌለው ልጅ ማግኘት ከባድ ነው። ስልኩን ማሳደድ አያዋጣም። የሚሻለው የመገልበጥን ጥቅም ማሳጣት ነው።

እንዴት? ለቤት ሥራ ማርክ አልሰጥም። ተከታታይ ምዘና ሲባል ብዙዎቻችን ለቤት ሥራ አምስት ማርክ፣ ለደብተር አያያዝ አምስት ማርክ እንመድባለን። ያቺ አምስት ማርክ ናት ልጁን ጠዋት ግድግዳ ሥር የምታስቀምጠው። የእኔን ማርክ ወደ ሌላ ቦታ አዛውሬዋለሁ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከሳምንቱ የቤት ሥራዎች ውስጥ ሁለት ጥያቄ እመርጥና ቁጥሩን ቀይሬ በግማሽ ሉክ ወረቀት አሠራቸዋለሁ። ደብተር ይዘጋል። ማርኩ ያ ነው። የሠራ ልጅ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። የገለበጠ ልጅ የገለበጠው ነገር ምንም እንዳላተረፈለት በራሱ ወረቀት ላይ ያያል። አንድም ስድብ አያስፈልግም።

ስለ ስድብ ካነሳን፣ የቤት ሥራ ያልሠራን ልጅ ማንበርከክ ወይም በማስመሪያ መምታት ዛሬም አልጠፋም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካል ቅጣት ነጻ እንደሆኑ በግልጽ ጽፏል። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ የሚመታ ልጅ የሚማረው መሥራትን አይደለም፤ በሰዓቱ መገልበጥን ነው።

አሁን ወደ ማግሥቱ ጠዋት እንምጣ። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ነው።

ስልሳ ልጅ ያለበት አራት ክፍል የምታስተምሩ ከሆነ 240 ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ብትሰጡ አራት ሰዓት ይሄዳል፤ በየቀኑ። የሚቻል አይደለም፣ የሚቻል ነው የሚልም አይታመን። ስለዚህ ሁሉን አላርምም። አንድ ጥያቄ ብቻ እመርጣለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛዋን። ልጆቹ ሲገቡ መልሷን ከነአሠራሯ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈው ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጣሉ። እነሱ ሌላ ነገር እየሠሩ እኔ ወረቀቶቹን በሦስት ክምር እከፍላለሁ፦ ልክ የሆኑ፣ አንድ ዓይነት ስህተት የተሳሳቱ፣ የተቀሩት። ራይት ወይም ኤክስ አላደርግም። የምፈልገው ስህተቱን ነው። በልማድ እጅ ሲፈጥን አምስት ስድስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

አንዱን ልንገራችሁ። ሰባተኛ ክፍል፣ ኢንቲጀር። ጥያቄው −3 − 5 ስንት ነው የሚል ነበር። ክፍሉ ከአንድ ቀን በፊት «ገባን» ብሎኛል። መሃለኛው ክምር ከሁሉም በለጠ። መልሳቸው 8። ፖዘቲቭ 8። አንዱን ጠራሁትና «እንዴት አገኘኸው?» አልኩት።

«ኔጋቲቭና ኔጋቲቭ ፖዘቲቭ ነው ቲቸር» አለ፣ በሙሉ ልብ።

ልጁ አልሰነፈም። የማባዛትን ሕግ ነው መደመርና መቀነስ ላይ ያመጣው። ሕጉን እንደ መዝሙር ሸምድዶታል፤ የት እንደሚሠራ ግን ማንም አልነገረውም። ሃያ ጥያቄ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ያንኑ ስህተት ሃያ ጊዜ ይለማመደው ነበር። ስህተት ሲለመድ ደግሞ ለመንቀል ከባድ ነው።

የዚያን ቀን አዲሱን ርዕስ ተውኩት። የልጁን ስም ሳልጠራ አሠራሩን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። «ከሱቅ ሦስት ብር ዕዳ አለብህ። ዛሬ ደግሞ የአምስት ብር ዱቤ ወሰድክ። ባለሱቁ ስምንት ብር ይሰጥሃል?» አልኳቸው። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከኋላ አንዷ «እንዲህ ከሆነማ ሁላችንም ሀብታም ነን» አለች። ከዚያ የቁጥር መስመር ላይ ከ−3 ተነስተን ወደ ግራ አምስት እርምጃ ሄድን። በመጨረሻ የማባዛቱን ሕግ ጎን ለጎን ጽፈን ልዩነቱን ራሳቸው ተናገሩ። ማታ የወሰዱት የቤት ሥራ ውስጥም ሁለቱ ተቀላቅለው ገቡ፦ −3 − 5 እና (−3) × (−5)።

ይህን ሁሉ የነገሩኝ እነዚያ ቁራጭ ወረቀቶች ናቸው። «ገባችሁ?» የሚለው ጥያቄ በጭራሽ አይነግረኝም ነበር። በአገራችን ክፍል ውስጥ «ገባችሁ?» ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ «አዎ ቲቸርርር!» ያልገባውም ይጮሃል፤ እንዲያውም ያልገባው ይበልጥ ይጮሃል። ይህን ጥያቄ ከአፋችሁ አውጡት። በምትኩ በጣት የሚመለስ ጥያቄ ስጡ። ሰሌዳው ላይ አራት ምርጫ ጻፉ፤ 1፣ 2፣ 3 ወይም 4 ብለው ጣታቸውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ያሳዩ። ከፍ አድርገው ካነሱ የጎበዙን ጣት አይተው ይቀይራሉ። ደረት ላይ ሲሆን ግን ለእናንተ ብቻ ይታያል። በአሥር ሰከንድ ስልሳ መልስ ታያላችሁ። ወጪው ዜሮ ነው።

እጅ ማውጣትም እንደዚያው ነው። ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡ አምስት ስድስት ልጆች አሉ፤ ጥያቄው ሳያልቅ «ቲቸር እኔ፣ ቲቸር እኔ» ይላሉ። እነሱን ብቻ እየጠየቃችሁ ከሄዳችሁ ክፍሉ ሁሉ የሚያውቅ ይመስላችኋል። እኔ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የሁሉንም ተማሪ ሮል ነምበር በቁራጭ ወረቀት ጽፌ አስቀምጫለሁ። መጀመሪያ ጥያቄውን እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ዝም እላለሁ፣ ከዚያ ከቆርቆሮው ቁጥር አወጣለሁ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ቁጥሩን ቀድማችሁ ካወጣችሁ የተቀሩት ሃምሳ ዘጠኙ ማሰብ ያቆማሉ።

ዝም ማለቱ ከባድ ነው፤ በተለይ ለእኛ ለአስተማሪዎች። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መምህራንን ስታጠና፣ ጥያቄ ጠይቀው በአማካይ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ አካባቢ ብቻ ሆኖ አግኝታዋለች። ጥበቃው ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፍ ሲል የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚለው ልጅ ቁጥር ይቀንሳል። ሦስት ሰከንድ ምን አላት ትሉ ይሆናል። እስቲ ነገ ክፍል ውስጥ ሞክሯት። ዓመት ትመስላለች።

«አላውቅም» ማለት ይፈቀዳል። ግን እዚያ አያልቅም። ሌላ ልጅ ይመልሳል፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ልጅ እመለስና በራሱ አባባል እንዲደግመው አደርጋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ይፈራሉ፤ በተለይ ሴት ልጆች ድምፃቸው አይሰማም። ማንም እንደማይሳቅበት ሲያዩ ግን ይለምዱታል። አንድ ሕግ አለችኝ፦ በተሳሳተ ልጅ የሳቀ፣ ቀጣዩን ጥያቄ እሱ ይመልሳል።

የቤት ሥራ ሁለተኛው ምስጢር ክፍል ውስጥ መጀመሩ ነው። ደወሉ ሊደወል አምስት ስድስት ደቂቃ ሲቀር ጥያቄዎቹን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ አንደኛዋን እዚያው ይጀምራሉ። እኔ እዞራለሁ። ክፍል ውስጥ እኔ አጠገቡ እያለሁ መጀመር ያልቻለ ልጅ ቤቱ ሄዶ ሊጀምር አይችልም። ያኔ ነው የማየው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ችግሩ ሂሳቡ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሂሳብ በእንግሊዝኛ ነው። ስድስተኛ ክፍል ድረስ በአማርኛ ሲማር የነበረ ልጅ «ሲምፕሊፋይ» የሚለው ትእዛዝ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ማካፈሉንና መቀነሱን ይችላል፣ ምን አድርግ እንደተባለ ግን አልገባውም። ጥያቄውን ጮክ ብሎ አንብቦ በአማርኛ «ምን አድርጉ ነው የሚለው?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። ማታ ግማሽ ሰዓት ያተርፋል።

ባልደረቦቼ ይህን ስነግራቸው የሚሉኝ አንድ ነው፦ «ፖርሽን አያልቅም!» እውነታቸውን ነው፣ መጽሐፉ ወፍራም ነው። ሱፐርቫይዘር ሲመጣም የሚጠይቀው የትምህርት ዕቅዱንና የስንተኛው ገጽ ላይ እንደደረስን ነው። ግን ፖርሽን ጨርሶ ልጁ ካልቻለ ያለቀው የማን ፖርሽን ነው? ኢንቲጀር ያልገባው ልጅ እኩልታ ላይ ይወድቃል፣ እኩልታ ያልገባው ግራፍ ላይ ይወድቃል። በየርዕሱ ወደ ኋላ እየተመለሱ ከማስረዳት አንድ ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ማጥፋት ይረክሳል። እኔ ያየሁት ይህ ነው። ፖርሽኑንም ከሌሎቹ ብዙ ዘግይቼ አልጨረስኩም፤ ምክንያቱም ፊርማ የሚወስደው አስር ደቂቃ ተመልሶልኛል።

ያቺን የመጀመሪያ ጊዜ በሌላ ነገር ሞላኋት። ልጆቹ ሲገቡ ሰሌዳ ላይ ሦስት ጥያቄ ይጠብቃቸዋል፤ አንዱ የትናንት፣ አንዱ ያለፈው ሳምንት፣ አንዱ የዛሬ ወር ገደማ። ደብተር ሳይገለጥ። ይህ ከራሴ ያመጣሁት ነገር አይደለም። ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ አንዱን ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላውን አንብቦ ከዘጋ በኋላ ያስታወሰውን እንዲጽፍ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ከአእምሮአቸው እያወጡ የጻፉት ጥለዋቸው ሄዱ። ተማሪዎቻችን «አጠናሁ» ሲሉ ደብተር አምስቴ አነበብኩ ማለታቸው ነው። ደብተር ዘግቶ ባዶ ወረቀት ላይ መጻፍን ማንም አላሳያቸውም። እኔ ክፍል ውስጥ በየቀኑ ካሠራኋቸው ግን ቤታቸውም ይዘውት ይሄዳሉ።

ነገሩ ለእኛ አገር አዲስም አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ ቆጠራ ይወጣል። ከሰው ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም ጥሻ ውስጥ ይቀመጥና ብቻውን ቅኔውን ያወጣል፣ ያወርዳል። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የተሰበረውን የኔታ እዚያው ያቃኑለታል፣ ጓደኞቹም እየሰሙ ይማሩበታል። ከዚህ የተሻለ የቤት ሥራ አሰጣጥ የት አለ? ብቻውን የሚሠራው ነገር አለ፣ የሚሰማው ሰው አለ፣ እርማቱም ሳይቀዘቅዝ ይደርሰዋል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ቆጠራውን ወሰደና ነገራውን ተወው።

ስለ መጠኑ ወላጆች ብዙ ይጠይቁኛል። የዱክ ዩኒቨርሲቲው ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2003 የተሠሩ የቤት ሥራ ጥናቶችን አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ሥራ አለ። በቤት ሥራና በውጤት መካከል ያለው ዝምድና ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ጠንከር ያለ፣ ከዚያ በታች ግን ደካማ ሆኖ ነው የተገኘው። አስር ደቂቃን በክፍል ደረጃ ማባዛት የሚለውን ልማዳዊ ልክም ኩፐር ይደግፈዋል፦ ለሁለተኛ ክፍል 20 ደቂቃ፣ ለሰባተኛ ክፍል 70 ደቂቃ። ልብ በሉ፣ 70 ደቂቃው ለሁሉም ትምህርት በአንድ ላይ ነው። ሰባተኛ ክፍል ወደ አስር የሚጠጋ የትምህርት ዓይነት አለ። እያንዳንዱ መምህር «ግማሽ ሰዓት ምን አላት» ብሎ ቢሰጥ አምስት ሰዓት ይሞላል። ስለዚህ እኛ ትምህርት ቤት የአንድ ክፍል መምህራን ተነጋግረን ቀን ተከፋፍለናል። ሂሳብ ሰኞ፣ ረቡዕና ዐርብ ይሰጣል፤ ሳይንስና ቋንቋ በሌሎቹ ቀናት። ኃላፊ አላዘዘንም። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ነው የጨረስነው። ለገናና ለፋሲካ ዕረፍት ደግሞ ምንም አልሰጥም፤ ልጅ በዓሉን ያክብር።

የግሩፕ አሳይመንትን በተመለከተ አጭር ነኝ፦ ለቤት አልሰጥም። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ፕሪንት ያደርጋል፣ ሦስቱ «ስሜን ጻፉልኝ» ይላሉ። የቡድን ሥራ ክፍል ውስጥ፣ ዓይኔ ሥር፣ ለአምስት ደቂቃ፣ ከዚያም ከቡድኑ ማን እንደሚመልስ ቆርቆሮው ሲወስን ይሠራል።

ኩረጃውን ከልጅነቱ ካልያዝነው የት እንደሚደርስ አይተነዋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ሁሉም የጮኸው ስለ 12ኛ ክፍል ነው። እኔ ግን ትዝ ያሉኝ ሰባተኛ ክፍል ላይ «ታይቷል» የተፈረመባቸው ደብተሮች ናቸው።

ወላጅ ምን ያድርግ? የወላጅ ቀን ላይ አንዲት እናት መጡ። ጉልት ላይ አትክልት ይሸጣሉ። አንገታቸውን ደፍተው «ቲቸር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ምኗን ላግዛት?» አሉኝ።

«እትዬ፣ እንዲያውም እርስዎ ይሻላሉ» አልኳቸው። «የሚያውቅ ወላጅ ይሠራላታል። እርስዎ ማታ አጠገብዎ ያስቀምጧትና 'ዛሬ የተማርሽውን እስቲ ለኔም አስረጂኝ' ይበሏት። ካልገባዎት 'አልገባኝም፣ ድገሚው' ይበሉ።»

«እኔ መቼም አይገባኝም» ብለው ሳቁ።

«ያስደግሟት እንጂ። እርስዎን ለማስረዳት ስትል ለራሷ ይገባታል።»

ኋላ ልጅቷ ራሷ ነገረችኝ። ፐርሰንት ስታስረዳቸው እናቷ አቋርጠው «ይሄማ ትርፍ አይደል እንዴ!» አሏት። ከአሥር ብር ሁለት ብር ማትረፍን በመቶ ሲያሰሉት የኖሩ ሰው ናቸው፤ ምልክቱን ብቻ ነው ያላዩት። ልጅቷ ያንን ምሳሌ ክፍል ውስጥ አምጥታ ሰሌዳ ላይ ሠራችው፤ እኔም አሁን በየዓመቱ ርዕሱን የምጀምረው በሱ ነው።

ለሚያነቡና ለተማሩ ወላጆች ግን ምክሬ ትንሽ ጠጠር ይላል። እስክሪብቶውን አትንኩ። ልጁ ተሳስቶ ከሆነ ተሳስቶ ይምጣ። ያቺን ስህተት እኔ ጠረጴዛ ላይ ካላየኋት ላስተካክላት አልችልም። ሰዓት መድቡለት፣ ስልኩን ተቀበሉት፣ ሃያ ደቂቃ ታግሎ አቅቶት ከሆነ «እዚህ ድረስ ሠርቻለሁ፣ ከዚህ በኋላ አቅቶኛል» ብሎ ይጻፍ። እኔ ይህችን ዓረፍተ ነገር እንደ ተሠራ የቤት ሥራ ነው የምቀበለው።

ቤት ውስጥ ምንም ጊዜ ለሌላቸው ልጆች፣ ወፍጮ ቤት እንደምትሮጠዋ ተማሪዬ ላሉት፣ የምሳ ሰዓቱን ተጠቅመንበታል። ምገባው ስላለ ምሳ ግቢ ውስጥ ነው የሚበሉት። ከምሳ በኋላ አንድ ክፍል ክፍት ይሆናል፤ ማንም ገብቶ የቤት ሥራውን ሊሠራ ይችላል። እኔ ሁልጊዜ አልገኝም፤ ከስምንተኛ ክፍል ሁለት ልጆች ተራ ገብተው ይቀመጣሉ። የተነገራቸው አንድ ነገር ነው፦ መልስ አትንገሩ፣ «ቀጥሎስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

መጀመር የምትፈልጉ መምህራን ካላችሁ ሁሉንም በአንዴ አትያዙት። አንድ ክፍል ምረጡ፣ ከአራቱ ጥያቄዎችና ከሦስቱ ክምሮች ጀምሩ። ቆርቆሮውም ጣቱም ቀስ ብሎ ይመጣል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ትክክል አይሆንም። በየክፍሉ በዚህ ሁሉ የማይደረስባቸው ልጆች አሉ። ሰባተኛ ክፍል ደርሰው ማባዛት የማይችሉ፣ ጥያቄውን ማንበብ ራሱ የሚከብዳቸው። ሦስተኛው ክምር ውስጥ የማገኛቸው እነሱን ነው። የክፍሉ የቤት ሥራ ለነሱ ምንም አይሠራም፤ አራት ጥያቄም ሆነ ሃያ ያው ነው። ስለዚህ ለነሱ የአራተኛ ክፍል ጥያቄ ነው የማዘጋጀው፤ ሰሌዳ ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ። ልጅ በልጅ ላይ እንዳይስቅ ለክፍሉ ግማሽ ያህል ወረቀት አድላለሁ፤ ማን የትኛውን እንደያዘ አይታወቅም። አንዳንዶቹ በአንድ ሴሚስተር ወደ ሁለተኛው ክምር ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ዓመቱ አልቆ እዚያው ናቸው፤ እነሱን ስምንተኛ ክፍል ላይም ይዣቸው እሄዳለሁ።